ባሕር የወሰዳት የቅድስት ካትሪን ጸሎት ቤት

በእንግሊዝ ምሥራቃዊ ጠረፍ ባሕር የዋጣት አንዲት ጸሎት ቤት ነበረች፤ የነበረችበትን መንደር ለማየት ሄድኩ። ከለንደን እስከ ዳርሻም ጣቢያ ያለውን የባቡር መንገድ ተኝቼ ነው የጨረስኩት። ከዚያ ባሕሩ ዳር እስካለችው መንደር አሥር ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ባለታክሲው በስልክ 25 ፓውንድ ብሎኝ ነበር፤ ስንደርስ 40 ተቀበለኝ። "ቅዳሜ ነው" አለ፣ በቃ። እስካሁን ይቆጨኛል። አንድ ነገር ግን አስተምሮኛል። የመንደሯን ስም እንደተጻፈው "ደንዊች" ስለው "ደኒች" ብሎ አረመኝ።

ማደሪያዬ ማሞቂያው አይሠራም። ካፖርቴን እንደለበስኩ ተኛሁ። ነፋሱ ሌሊቱን ሙሉ መስኮቱን ሲያንገጫግጭ አደረ። ደኒች በ13ኛው ክፍለ ዘመን ትልቅ ወደብ ነበረች። በ1286 እ.ኤ.አ. ከባድ ማዕበል መታት፤ በ1328 ደግሞ ሌላ። ከዚያ በኋላ ባሕሩ ገደሉን እየገመሰ አብያተ ክርስቲያናቱን አንድ በአንድ ወሰደ። የመጨረሻው፣ የቅዱሳን ሁሉ ቤተ ክርስቲያን፣ ማማው የወደቀው በ1919 ነው። ደወሎቹ ዛሬም ከባሕር ሥር ይሰማሉ ይባላል። እኔም ጆሮዬን ጥዬ አደርኩ። የሰማሁት ነፋሱን ብቻ ነው።

ጠዋት ሙዚየም ገባሁ። እዚያ የሚያገለግሉ አንዲት አዛውንት የድሮዋን ከተማ ሞዴል አሳዩኝ። ለቅድስት ካትሪን ጸሎት ቤት እንደመጣሁ ስነግራቸው ፊታቸው በራ። ጸሎት ቤቷ የሰመጠችበት ውሃ ድፍርስ ነው፤ ጠላቂ ገብቶ ብዙም አያይም። ስለዚህ የሳውዝሃምፕተን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የባሕሩን ወለል በድምፅ ሞገድ ቃኙት። በ2013 እ.ኤ.አ. ውጤቱን ሲያወጡ፣ ካገኟቸው ፍርስራሾች አንዱ የጸሎት ቤቷ ሳይሆን አይቀርም አሉ።

አዛውንቷ ሥራቸውን ሲጨርሱ ባሕሩ ዳር ድረስ አብረውኝ ወረዱ። ጠጠር፣ ቡናማ ውሃ፣ ሌላ ምንም። በእጃቸው ወደ ባሕሩ ጠቆሙኝ። እኔ ያደግሁት ባሕር ዳር፣ ጣና አጠገብ ነው። እኛ ዘንድ ውሃ ቤተ ክርስቲያንን ይጠብቃል። በጦርነት ዘመን መጻሕፍቱና ንዋየ ቅድሳቱ ወደ ደሴቶቹ ይሸሹ ነበር። ውሃ ራሱ ጠላት ሲሆን ማሰብ ከበደኝ። ኮፍያዬን አውልቄ ቆምኩ።

እናቴ ጋ ደወልኩ። ሁሉንም አዳምጣ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቀችኝ፦

"ታቦቱን አውጥተውት ነበር ልጄ?"

የካቶሊክ እንደነበረች፣ እንደኛ ታቦት እንደሌላቸው ነገርኳት። ዝም አለች። ደስ እንዲላት ደኒች ስለነበሩት ፍራንሲስካውያን፣ የካቶሊክ መነኮሳት፣ አወራኋት። ከማዕበሉ በኋላ ገዳማቸውን ከባሕሩ ራቅ አድርገው እንደገና ሠሩት፤ የግንቡ ፍርስራሽ ዛሬም ቆሟል።

"እሰይ፣ ተመስገን!" አለች።

ወደ ዳርሻም አዛውንቷ ራሳቸው በመኪናቸው ወሰዱኝ። ለቤንዚን ብዬ 20 ፓውንድ ባወጣ እጄን መለሱት። "ስለ ካትሪን የሚጠይቀኝ ሰው ብዙም አይመጣም" አሉኝ። ባቡሩ እስኪመጣም አብረውኝ ቆሙ።