ጫማዬን በምሥራቅ በር አውልቄ በምዕራብ በር ወጣሁ

እናቴን ለጉልበቷ ሕክምና ሕንድ አገር፣ ቼናይ ይዣት ሄጄ ነበር። ስለ ቪዛው፣ ስለ ሐኪሙ፣ ስለ ቤት ኪራዩ የሚመክር ሰው ሞልቷል። ባዶ እግር ስለሚያቃጥለው ድንጋይ ግን ማንም አልነገረኝም። እኔ ልንገራችሁ።

እማዬ ገና ከአውሮፕላን ስንወርድ «ቶማስን ሳልሳለም አልመለስም» ብላ ነበር። ሐዋርያው ቅዱስ ቶማስ ተቀብሮበታል የሚባለው የሳንቶሜ ካቴድራል እዚያው ከተማ ባሕር ዳር ነው። በበዓሉ፣ ግንቦት 26 ቀን፣ በባጃጅ ወሰድኳት። (እዚያ «አውቶ» ነው የሚሉት። ዋጋ ሳትቆርጡ እንዳትገቡ።) ተሳለመች፣ አለቀሰች፣ ወጣን።

ከዚያ ብዙም ሳይርቅ፣ ማይላፖር በሚባለው አሮጌ ሰፈር፣ የካፓሊሽዋራር ቤተ መቅደስ አለ። ሺቫ የሚባለው የሂንዱ አምላክ ነው። ጎፑራም የሚሉት የምሥራቅ በሩ ግንብ ቁመቱ ከ35 ሜትር ይበልጣል፤ በየቀለሙ የተቀቡ ምስሎች ከላይ እስከ ታች ተጠቅጥቀውበታል። እኔ ማየት አማረኝ። እማዬ «እኔ ጣዖት ቤት አልገባም፤ አንተም ብትቀር ደስ ይለኛል» ብላ አበባ የምትሸጥ ሴትዮ ጥላ ሥር ቁጭ አለች።

ከቀኑ 5 ሰዓት አልፏል፤ በእነሱ አቆጣጠር 11 ማለት ነው። ባጃጅ ነጂው «ክፍት ነው፣ ክፍት ነው» ብሎኝ ነበር። አልዋሸም። እኩለ ቀን ላይ ተዘግቶ እስከ 10 ሰዓት ገደማ እንደማይከፈት ግን ትንፍሽ አላለም። እኔስ መች ጠየቅሁት!

ጫማ ማውለቅ ለእኛ ምን ይከብዳል? ለጠባቂው ሰጠሁ፣ ቁጥር ተቀበልኩ፣ ገባሁ።

ውስጡ የጠበቅሁትን አልሆነም። ጸጥታ አልነበረም። የሰፈር ሰው ወደ ሥራ ሲሄድ፣ ከገበያ ሲመለስ ጎራ ይላል። አንዷ የአትክልት ዘንቢሏን እንደያዘች ትሳለማለች። ሌላው የቢሮ መታወቂያው አንገቱ ላይ ነው። ኮኮናት፣ ሙዝና አበባ በትንሽ ቅርጫት ይዘው ይመጣሉ፣ ትኬት ይቆርጣሉ፤ ካህኑ ስማቸውንና የልደት ኮከባቸውን ጠይቆ ይጸልይላቸዋል። የካፉር እሳት ሲመጣ እጃቸውን ነበልባሉ ላይ አሳልፈው ዓይናቸውን ይነካሉ። ሁሉም የሚዞረው በቀኝ ነው። ሂንዱ ያልሆነ ሰው ውስጠኛው መቅደስ ድረስ አይገባም። አንዳንድ ቱሪስት ሲነጫነጭ ሰምቻለሁ። ቅኔ ማኅሌትና መቅደስ ለይቶ ያደገ ሰው ግን ይህ አይገርመውም።

አንድ ዛፍ ሥር ትንሽ ቤተ ጸሎት አለች። የሺቫ ሚስት ፓርቫቲ ጣዎስ ሆና ሺቫን ያመለከችው እዚህ ነው ይላሉ፤ የሰፈሩም ስም ከዚያው ከጣዎስ ነው የመጣው። እዚያ ቁጭ ብዬ ሳለ አንድ ሽማግሌ አጠገቤ መጡ። ሰው ተሳልሞ ሲጨርስ ወዲያው አይወጣም፤ ትንሽ ተቀምጦ ነው የሚሄደው። ሽማግሌው ከካህኑ ተቀብለው መዳፋቸው ላይ ከቀረው የተቀደሰ አመድ ቆንጠር አድርገው ግንባሬን ቀቡኝ። እምቢ ማለት ነውር መሰለኝ።

ከዚያ ደወል ተደወለ፣ ሰው መውጣት ጀመረ። ስህተቴ እዚህ ላይ ነው።

እንዲህ ብዬ አሰብኩ፦ ትልቁ የሰንደቅ ምሰሶ ያለው በፊት ለፊት ነው፤ እኔም የገባሁት በትልቁ በር፣ በፊት ለፊት ነው፤ ስለዚህ ምሰሶውን ተከትዬ ልውጣ። ችግሩ፣ እዚህ ሺቫ ፊቱን ያዞረው ወደ ምዕራብ ነው። ምሰሶውም በዚያው በኩል ነው። ትልቁ ግንብ ያለው ደግሞ በጀርባ፣ በምሥራቅ። ተከትዬ ወጣሁ። ከፊቴ ሰፊ ኩሬ ተዘርግቷል። ስገባ ኩሬ አላየሁም ነበር! ዞር ስል በሩ ተዘግቷል።

ጫማዬ በምሥራቅ፣ እኔ በምዕራብ፣ ፀሐይዋ አናቴ ላይ። ገንዘቡ እማዬ ቦርሳ ውስጥ ስለሆነ ነጠላ ጫማ እንኳ መግዛት አልችልም። ባዶ እግሬን ግቢውን ልዞር ተነሣሁ። የቼናይን የግንቦት አስፋልት ያልረገጠ ሰው ምጣድ ላይ ስለ መቆም አያውቅም። ከጥላ ወደ ጥላ እየዘለልኩ ሄድኩ። ከቆመ መኪና ሥር ወደ ሱቅ ደጃፍ፣ ከሱቅ ደጃፍ አንዲት ሴት ወዳፈሰሰችው ውሃ። ልጆች ሳቁብኝ። እኔም ብሆን እስቅ ነበር። አንድ ባለሱቅ «ለምን ጫማ አታደርግም?» አለኝ በእንግሊዝኛ። ያን ሰውዬ እስካሁን ይቅር አላልኩትም።

በኋላ ሁለት ጊዜ ተመልሻለሁ። አሁን የምሄደው ከጠዋቱ 12 ሰዓት ላይ ነው። የጉዞ መጻሕፍት ለፎቶ ምሽቱን ይመክራሉ፤ አትስሟቸው፣ የሰፈሩን ሰው የምታገኙት ጠዋት ነው፣ ድንጋዩም ቀዝቃዛ ነው። ካልሲ አድርጌ ገብቻለሁ፣ የከለከለኝ የለም። ጫማዬን ደግሞ ጠባቂ ጋ አልተውም፤ በፌስታል ጠቅልዬ ቦርሳዬ ውስጥ እከተዋለሁ። ደንቡ ይህን ይፍቀድ አይፍቀድ አልጠየቅሁም፣ አልጠይቅምም።

የዚያን ቀን ግን እያነከስኩ ምሥራቁ በር ስደርስ ጠባቂው ምሳ ሄዷል። ጫማዬ እማዬ ጭን ላይ ነው። በሩ ሲዘጋ አበባ ሻጯን በምልክት አስረድታ አስወጥታዋለች። ሁለቱም በአንድ ቋንቋ አያወሩም፣ ግን ቀኑን ሙሉ ሲያወሩ የዋሉ ይመስላሉ። እማዬ እግሬን አየች፣ ቀና ብላ ደግሞ ግንባሬን አየች።

«ይሄ የማን እምነት ነው የተቀባኸው?»

መልስ ሳልሰጣት የውሃ ፕላስቲኳን ከፈተች። መጀመሪያ ግንባሬን አጠበችው። የተረፈውን እግሬ ላይ አፈሰሰችው።