ሽማግሌ ፊት የቀረበው አፕ

ደሴ ላይ ሂሳብ መካፈል የሚባል ነገር የለም፤ ያለው ሂሳብ መሻማት ነው። ፒያሳ አንድ ካፌ ገብታችሁ አራት ሆናችሁ ሻይ ጠጡ። ሲያበቃ አንዱ የአስተናጋጁን እጅ ጠምዝዞ ይይዛል፣ ሌላው ብሩን ኪሱ ውስጥ ይወትፍለታል፣ ሦስተኛው «ከሱ ብትቀበል ወላሂ ሁለተኛ እዚህ ቤት አልመጣም» ብሎ ያስፈራራል። አራተኛው እጁን ሊታጠብ የተነሳ መስሎ ቀድሞ ከፍሏል። እንግዲህ እኔ በዚህ ከተማ ቁጭ ብዬ ነው የወጪ ማካፈያ አፕ የሠራሁት።

ነገሩ የመጣው በእህቴ ሰርግ ነው። ዘመድ ተሰብስቦ ኮሚቴ አዋቀረ፣ ገንዘብ ያዥ ታላቅ ወንድሜ ሆነ። ደብተሩን አንድ ቀን ገልጬ ሳይ «ሽንኩርት፣ ያ ሰውዬ፣ 1,500 ወይ 1,800» የሚል መስመር አገኘሁ። ከሥሩ የወጥ ጠብታ አለ፤ እሱም ቁጥር ይሁን አይሁን አይለይም። በዚያው ማታ ኮድ መጻፍ ጀመርኩ።

አፑ ማን ስንት እንዳወጣ፣ ለነማን እንዳወጣ ይመዘግብና መጨረሻ ላይ ማን ለማን እንደሚከፍል ይናገራል። ሂሳቡን የሚይዘው በሳንቲም ነው፤ ኮምፒውተር ነጥብ ያለበት ቁጥር ሲደምር 0.1 እና 0.2 ተደምረው ልክ 0.3 ላይ አያርፉለትማ። 10,000 ብር ለሦስት ሲካፈል ደግሞ የምትተርፈዋን 1 ሳንቲም የግድ አንድ ሰው መሸከም አለበት። በዕድሜ ትንሹ ላይ ጣልኳት፤ ታላቅን ማክበር ኮድ ውስጥም ይገባል። ሥራውን ስጨርስ በጂፒኤል ፈቃድ በነፃ ለቀቅኩት፦ ማንም ይጠቀምበት፣ ኮዱን ያጥናው፣ ይቀይረው፣ ለሌላ ያካፍለው። ይቺን «ይቀይረው» የምትለዋን ያዙልኝ።

የመጀመሪያው ጣጣ በበሬ መጣ። ቤተሰባችን ግማሹ ሙስሊም፣ ግማሹ ክርስቲያን ነው፤ ስለዚህ ድግስ ሲደገስ እርዱ ሁለት ነው። ሁለቱም በሬዎች ከባቲ የሰኞ ገበያ ተገዙ። አፑም የየበሬውን ዋጋ ለየበላተኛው አካፈለ። ፍትሕ ማለት ይሄ ነው ብዬ ተኛሁ።

ጠዋት የአክስቴ ባል በር ላይ ቆመዋል። ኮፍያቸው ወደ ጎን ዞሯል።

«አንተ ልጅ፣ ምን አድርጌህ ነው?»

«ምነው ጋሼ?»

«ለክርስቲያኖቹ በሬ ዜሮ ብሎ ጻፈብኝ ስልክህ!»

«አልበሉትማ ጋሼ።»

«መብላትና መክፈልን ምን አገናኘው? ነገ ሰው ምን ይላል? የሚስቱ የእህት ልጅ ስትዳር በአንድ በሬ አለፈ ልባል ነው?»

ዕዳ ሲቀነስለት የሚቆጣ ተጠቃሚ የትኛውም የፕሮግራሚንግ ትምህርት ላይ አልተጠቀሰም። ከሰዓት በኋላ ደግሞ ከወዲያኛው ወገን መጡ፤ «የሙስሊሞቹ በሬ ላይ ስማችን ለምን ተዘለለ?» ሁሉንም ለሁሉም አካፍዬ ተገላገልኩ።

ዋናው መዘዝ ግን ዕዳ ማቃለያው ነው። የአፑ ኩራት እሱ ነበር። የአክስቴ ባል ለወንድሜ 6,000 ብር አለባቸው፤ ወንድሜ ደግሞ ለትልቁ አጎቴ 6,000 ብር አለበት። አፑ ወንድሜን ከመሃል ያወጣና የአክስቴ ባል በቀጥታ ለአጎቴ ይክፈሉ ይላል። በዚህ መንገድ 10 ሰው ቢሆን እንኳ ክፍያው ከ9 አይበልጥም። ሂሳቡ ንጹሕ ነው። ብቻ እነዚህ ሁለት ሰዎች በአጥር ተጣልተው ከተኳረፉ ስንት ዓመታቸው፤ አልጎሪዝም ደግሞ አጥር አያውቅም።

«እኔ ከሱ መቼ ተበደርኩና?» አሉ የአክስቴ ባል መልእክቱ ሲደርሳቸው። «አጥሬን መግፋቱ አንሶት ባለዕዳ ሊያደርገኝ?» አጎቴ በበኩላቸው «የሱ ብር እኔ እጅ ላይ? ጣቴ ይቆረጥ!» አሉ። ወንድሜ ምንም ዕዳ የለብህም ስለተባለ ድምፁን አጥፍቶ ኮምቦልቻ ወርዷል። ስደውልለት «አብሽር፣ ይበርዳል» ብሎ ዘጋብኝ።

አልበረደም። ሽማግሌ ተቀመጠ፦ አንድ ሼህ፣ አንድ ቄስ፣ አንድ ጡረታ የወጡ መምህር። «ዕዳውን የፈጠረው ማነው?» ተባለ። «ስልኩ» አልን። «ስልኩ ይቅረብ።» ቀረበና ረከቦቱ ጫፍ ላይ፣ ከስኳሩ ዕቃ አጠገብ ተቀመጠ። እኔም ማስረዳት ያዝኩ።

«ሼኬ፣ እርስዎ ለአባ አንድ ማንኪያ ስኳር አለብዎት እንበል። አባ ደግሞ ለመምህሩ አንድ ማንኪያ አለባቸው። እኔ ከእርስዎ ሲኒ አንስቼ በቀጥታ መምህሩ ሲኒ ውስጥ ብጨምረው የሁሉም አለቀ።»

«እኔ ስኳር ተከልክያለሁ» አሉ መምህሩ።

ሼሁ ጢማቸውን እየዳበሱ ሲኒዎቹን አንድ በአንድ አዩ። «ገባኝ። መሃል ላይ የነበረውስ ሰውዬ የት ሄደ?»

«ወጣ።»

«የት?»

«ኮምቦልቻ።»

«በሉ እሱን ያዙት!»

እንደምንም ተብሎ ብሩ በእጅ ይሰጥ ተብሎ ተፈረደ። በእጅ ለመስጠት መጠጋት አለ፤ ተጠግቶ ደግሞ ዝም አይባልም። ትከሻ ለትከሻ ተሳሳሙ፣ አክስቴ እልልታውን አቀለጠችው። የአክስቴ ባል ብሩን ዘረጉ። አጎቴ፣ ማተባቸው ከነመስቀሉ አንገታቸው ላይ እያለ፣ «ወላሂ አልቀበልም!» አሉ። የአክስቴ ባል ሼሁ ፊት «በማርያም ትቀበላለህ!» ብለው ኪሳቸው ውስጥ ወተፉት። አጎቴ አውጥተው መልሰው ወተፉ። ከአቦል እስከ በረካ እንዲሁ ሆነ። ሲመሽ ብሩ ረከቦቱ ሥር ተገኘ፤ የኔ ነው የሚል ጠፋ።

አፑ ግን ይህን አያውቅም፤ በየሳምንቱ «ያልተከፈለ ዕዳ አለ» እያለ ሁለቱንም ያስታውሳል።

ያዙልኝ ያልኳት ቃል እዚህ ላይ መጣች። ኢንጂነሪንግ የሚማረው የአጎቴ ልጅ ኮዴን ወስዶ የራሱን አፕ አወጣ። የጨመረው ሁለት ቁልፍ ብቻ ነው፤ አንዱ «ወላሂ አልቀበልም»፣ ሌላው «በማርያም ትቀበላለህ» ይላል። አንዱ ሲነካ ብሩ ወዲህ ይመለሳል፣ ሌላው ሲነካ ወዲያ ይሻገራል። ዘመዱ ሁሉ የኔን አጥፍቶ የሱን ጫነ። ፈቃዱ ይፈቅድለታል፤ ምን እላለሁ?

ልጁ በዚህ አላበቃም፤ ለአዛውንት ጣት እንዳይቸግር ብሎ ስልኩ ራሱ መልስ የሚሰጥበት ምርጫ ጨመረ። ሁለቱም አበሩት። ስልኮቻቸው ሌሊቱን ሙሉ ሲማማሉ አደሩ። ጎህ ሲቀድ የሁለቱም ባትሪ አልቋል፣ 6,000 ብሩ መሃል ሜዳ ቀርቷል።

ትናንት ልጁ «አንተ እየው» ብሎ የአፑን ማስተካከያ ላከልኝ፤ ሦስት ጊዜ ከተባባሉ በኋላ ይቁም የሚል። ከማጽደቄ በፊት አጎቴን ላማክር ብዬ ደወልኩ።

«ሦስት?» አሉኝ። «ሦስትማ ገና ሰላምታው ነው!»