ሙራሊ ወይስ ዋርን?

ዛሬ ሥራዬ ብዬ ወረቀት ይዤ የምንጊዜም ምርጥ የቴስት ክሪኬት (በአገሮች መካከል የሚደረገው ረጅሙ የክሪኬት ዓይነት) ቦውለሮችን፣ ማለትም ኳስ ወርዋሪዎችን፣ ደረጃ ሳወጣ ዋልኩ። በቁጥር ከሆነማ ነገሩ ያለቀለት ነው፦ የስሪላንካው ሙራሊታራን፣ በ133 ጨዋታ 800 ዊኬት፣ ማለትም 800 ጊዜ መቺ ከሜዳ አስወጥቷል! ግን አውስትራሊያዊው ዋርን እ.ኤ.አ. በ1993 በማንቸስተሩ ኦልድ ትራፎርድ የክሪኬት ሜዳ ላይ ለእንግሊዙ መቺ ለጋቲንግ የወረወራትን ኳስ ደጋግሜ አየሁና ወረቀቴን ቀደድኩት። ኳሷ ከእግሩ ውጪ መሬት ነካች፣ ድንገት ተጠማዘዘች፣ ዱላውን አልፋ ከኋላው ያለውን እንጨት መታች። ሰውዬው ደርቆ ቀረ። ከፈጣን ወርዋሪዎቹ የዌስት ኢንዲሱ ማርሻል ይቅደም፤ ለአንድ ዊኬት በአማካይ 20.94 ነጥብ ብቻ እየሰጠ 376 ዊኬት መውሰድ ቀልድ አይደለም። እንግሊዛዊው አንደርሰን 704 አለው፣ ግን 188 ጨዋታ ፈጅቶበታል። የድሮውን እንግሊዛዊ ባርነስንስ የት ላስገባው? ከመጀመሪያው የዓለም ጦርነት በፊት በ27 ጨዋታ ብቻ 189 ዊኬት የወሰደ ጉድ ነው እኮ። ለዛሬ አንደኛዬ ዋርን ነው፣ ነገ እንጃ።