ሥዕል አለቀ የሚባለው መቼ ነው?

ፈረንሳዊው ሠዓሊ ፒየር ቦናር በጥር 1947 እ.ኤ.አ. ሊሞት ጥቂት ቀናት ሲቀሩት፣ ያበበ የአልሞንድ ዛፍ በሣለበት ሸራ ግርጌ በስተግራ ያለው አረንጓዴ አላረካውም፤ ብሩሽ ለመያዝ አቅም አጥቶ ስለነበር በእህቱ ልጅ እርዳታ ቦታውን ቢጫ አስቀባው። በሙዚየም የተሰቀለ የራሱን ሥራ ሳይቀር በድብቅ ነካክቷል ተብሎም ይነገርለታል።

እኔ ይህን እንደ አባዜ አላየውም። ቦናር የፈለገው ዝርዝር መጨመር ሳይሆን ቀለማቱ እርስ በርሳቸው እንዲስማሙ ይመስለኛል፤ አንዲት ጥግ ካልተስማማች ሸራው በሙሉ ይታወካልና። እኔም በዘይት ቀለም ስሠራ መቆሚያዬን የምለየው በዚሁ ነው፦ የምጨምረው ቀለም አንዱን ቦታ ሲያቀና ደህና የነበረውን ሌላውን ማበላሸት ከጀመረ፣ በተለይም ያልደረቁት ቀለማት ተደባልቀው ከደፈረሱ፣ ብሩሹን አስቀምጣለሁ። ሸራውን ወደ ግድግዳ አዙሬ፣ ሰንብቼ ሳየው እጄን የሚጠራ ቦታ ካጣሁ፣ ያን ጊዜ እፈርማለሁ።