ሦስቱ የት ሄደ?

ከአምና ክረምት ወዲህ ሦስት ጃንጥላ ጥያለሁ። ሦስቱም የጠፉት እየዘነበ ሳይሆን ዝናቡ ካባራ በኋላ ነው። ይህን ያስተዋልኩት ሦስተኛው ባጃጅ ውስጥ ሲቀር ነው፤ ትንሽ ዘገየሁ። ደብረ ማርቆስን ታውቋታላችሁ፤ የጮቄ ተራራ ደመና ወደዚህ ከዞረ ቀኑ የእናንተ አይደለም። ስለዚህ አንድ ማታ ቁጭ ብዬ ቀመር ሠራሁ። ስሄድ የመዝነቡ ዕድል "ሄ" ይባል፣ ስመለስ የመዝነቡ ዕድል ደግሞ "መ"። ስመለስ ካልዘነበ ጃንጥላው የትም ይቀራል፣ ይህ የተረጋገጠ ነው። ስለዚህ የመጥፋቱ ዕድል 1 − መ ነው። "ሄ" ጭራሽ ከቀመሩ ወጣች! ጠዋት በር ላይ ቆሜ ሰማዩን የማየው በከንቱ ነው ማለት ነው፤ ማየት ያለብኝ የማታውን ሰማይ ነው፣ እሱ ደግሞ ጠዋት አይታይም።

ሒሳብ አስተማሪ ነኝ። ይህን ቀደም ብዬ ልናገር፣ "ሰውየው ጤነኛ ነው?" እንዳትሉ።

የጎረቤት ቡናም ቀመር አለው። እኛ ግቢ ቡና ሲባል አቦል፣ ቶና፣ በረካ ነው፤ አቦል ጠጥቶ መነሳት ነውር ነው። ግን ጊዜውን የሚበላው ቡናው አይደለም፣ ወሬው ነው። ወሬ ደግሞ በሰው ልክ አይበዛም፣ በጥንድ ልክ ነው የሚበዛው። አራት ሰው ካለ 6 ጥንድ ይወጣል፣ ሰባት ሰው ካለ 21። ሰው እጥፍ ሳይሞላ ወሬው ከሦስት እጥፍ በላይ ይሆናል፣ ያውም በሌለው ሰው ላይ የሚወራውን ሳንቆጥር። ስለዚህ ከመግባቴ በፊት በር ላይ ያለውን ጫማ እቆጥራለሁ። ከአራት ጥንድ ካለፈ "ፈተና አርማለሁ" ብዬ እመለሳለሁ። አሁን አሁን የቤቷ እመቤት ነቅታብኛለች መሰለኝ፣ ጫማ ወደ ውስጥ ማስገባት ጀምራለች።

በዚህ ሁሉ ያሳፈረኝ ግን የዶሮው ነው።

የ37 በመቶ ደንብ የሚባል ነገር አለ። ቀልድ አይደለም፣ እውነተኛ ሒሳብ ነው። ከብዙ ነገር አንዱን በተራ እያያችሁ የምትመርጡ ከሆነ፣ ያለፋችሁት ደግሞ የማይመለስ ከሆነ፣ የመጀመሪያዎቹን 37 በመቶ እዩና ዝም ብላችሁ እለፉ፤ ከዚያ ወዲያ እስካሁን ካያችኋቸው ሁሉ የምትበልጥ ስታገኙ አታመንቱ፣ ያዙ። 37 የመጣው 1ን ለ2.718 ከማካፈል ነው። ምርጫው አስር ከሆነ ሦስት ታሳልፋላችሁ፤ ምርጡን የማግኘት ዕድላችሁ 40 በመቶ ገደማ ነው። ትንሽ ትመስላለች እንጂ በጭፍን ለሚመርጥ ሰው ዕድሉ 10 በመቶ ብቻ ነው።

የዘንድሮ ጸሎተ ሐሙስ ይህን ይዤ ገበያ ወጣሁ። አስር ዶሮ ላይ ወሰንኩ። ሦስቱን አሳለፍኩ። ችግሩ ሁለተኛዋ ገብስማ ነበረች፣ ደረቷ ሙሉ፣ እግሯ ቢጫ፣ ከአስር 8 የሰጠኋት። ደንብ ደንብ ነው ብዬ አለፍኳት። ከዚያ በኋላ እሷን የምትበልጥ አልመጣችም። አልመጣችም! አስረኛዋ ላይ ስደርስ በእጄ የያዝኩት ላባ ያለው አጥንት ነበር። ተመለስኩ።

"እማማ፣ ያቺ ገብስማ አለች?"

"ቅድም ቀና ብለህ እንኳ ሳታየኝ አልፈህ!" አሉኝና 150 ብር ጨመሩባት። ደንቡ ውስጥ የዶሮ ሻጭ ኩራት የሚባል ፊደል የለም። ከፈልኩ።

የሚያጽናናኝ አንድ ሰው አለ፣ ዮሐንስ ኬፕለር። ፕላኔቶች ፀሐይን የሚዞሩት በሞላላ መንገድ እንደሆነ ያሳየው እሱ ነው። በፈረንጆቹ 1611 ሚስቱ ሞተችበትና ሌላ ሲፈልግ 11 ሴቶችን አማረጠ። ሁለት ዓመት ገደማ ፈጀበት። ሲወጣ ሲወርድ ከርሞ በመጨረሻ ወደ አምስተኛዋ ተመለሰና በ1613 አገባት። እሷ ግን 150 ብር አልጨመረችበትም።

ይህን ለእናቴ በስልክ ነገርኳት። ቢቸና ነው ያለችው። ሳቀች፣ ሳቀችና "እኔ አባትህን ብቻ ነው ያየሁት" አለች። ስልኩን ዘግቼ አሰላሁት። ምርጫው አንድ ብቻ ሲሆን ምርጡን የማግኘት ዕድል 100 በመቶ ነው። አባቴ ይህን ቢሰማ ደስ ይለው ነበር።

የቀመር ልክፍቱ ከአያቴ ሳይጋባብኝ አልቀረም፣ የእናቴ አባት፣ ዲማ የተማረ መሪጌታ። ወረቀት አይነካም፣ ጣቱ ይበቃው ነበር። ልጅ ሆኜ ባሕረ ሐሳብን፣ የጾምና የበዓል ቀን የሚወጣበትን ሒሳብ፣ ያሳየኝ እሱ ነው። የዘንድሮውን ልሥራው፣ እጄ እንዳይረሳ። 5500 ላይ 2018 ደምር፣ 7518። ለ19 ግደፈው፣ 13 ይተርፋል። አንድ ስለ ዘመን ተወው፣ 12 ወንበር ሆነ። ወንበርን በ11 አባዛ፣ 132፤ በ30 ስትገድፈው 12፣ አበቅቴ። ወንበርን በ19 አባዛ፣ 228፤ ስትገድፈው 18፣ መጥቅዕ። አበቅቴና መጥቅዕ ሲደመሩ 30 ካልመጡ ተሳስተሃል። መጥቅዕ ከ14 በላይ ስለሆነ መስከረም 18 ላይ ይውላል፣ እሁድ ነበር፤ የእሁድ ተውሳክ፣ ለዕለቱ የሚጨመረው፣ 7፤ 25 ሆነ። ነነዌ ጥር 25፣ ፋሲካ ሚያዝያ 4። አለቀ። ይኸው አገሩ ሁሉ በዚህ ጾሞ በዚህ ፈሰከ፣ የእኔ ዶሮ ሳትቀር።

አያቴ ጾሙ ቢከብደው እንኳ መጥቅዕን በሁለት ቀን ገፋ አያደርጋትም ነበር። ቢፈልግም 30 አይመጣለትም። የእኔዎቹ ቀመሮች እንዲህ ያለ ጠባቂ የላቸውም። እኔ ነኝ ፊደሉን የማወጣው፣ እኔ ነኝ ነጥቡን የምሰጠው፣ መልሱ ካልጣመኝም እኔው ነኝ የምደልዘው።

የዝውውሩ ነገር የመጣው በዚህ መሀል ነው። ባሕር ዳር ያለ አንድ መምህር ወደ ማርቆስ መምጣት ይፈልጋል፣ እኔ በእሱ ቦታ ልሄድ። ደመወዙ ያው ነው፤ ግን እዚያ ልጅ የሚያስጠና ይፈለጋል፣ ጥሩ ይከፈላል። ቤት ኪራዩ ደግሞ ይብሳል። በቅጹ ላይ መልስ እስከ አርብ።

ቤንጃሚን ፍራንክሊን የሚባለው አሜሪካዊ በ1772 ለወዳጁ ለጆሴፍ ፕሪስትሊ በጻፈው ደብዳቤ እንዲህ ያለ ነገር ሲገጥመው ወረቀት መሀሉን አስምሮ በአንድ ወገን የሚደግፈውን በሌላው የሚቃወመውን ለጥቂት ቀናት እየጻፈ፣ እኩል የሚመዝኑትን እያጣፋ፣ የተረፈውን አይቶ እንደሚወስን ይነግረዋል። እኔም አሰመርኩ። ባሕር ዳር፦ ማስጠናት 9፣ ጣና ዳር በእግር መሄድ 6፣ ብርድ አለመኖሩ 5፣ ኪራይ ሲቀነስ 4። ማርቆስ፦ የለመድኩት ቤት 3፣ ተማሪዎቼ 5፣ ቡናው (ጫማ ብቆጥርም) 2፣ እናቴ 7፤ ከዚህ ቅዳሜ ሄዶ እሁድ መመለስ ይቻላላ። 16 ሲነጻጸር 17። ማርቆስ በአንድ አሸነፈች። አንድ ደግሞ ምንም አይደለም፣ ዛሬ ቡናው ቢጎመዝዘኝ ይገለበጣል።

ረቡዕ ማታ ለእናቴ ደወልኩ። ስለ ዝውውሩ ላማክራት ነበር፣ ምላሴ አዳልጦኝ ቀመሩንም ነገርኳት።

"እኔን ስንት ሰጠኸኝ?"

"ሰባት።"

"ከስንት?"

"ከአስር።"

ዝም አለች። ከጀርባዋ የሰው በግ ሲጮህ ይሰማኛል።

"ሦስቱ የት ሄደ?"

ምን ልበላት? ተማሪ "ሦስት ነጥብ ለምን ቀነስክብኝ" ሲለኝ መልስ አጥቼ አላውቅም።

"አግባ አግባ እያልሽ ስለምትነዘንዢኝ ነው" አልኳት በመጨረሻ።

"እንግዲያው አግባና ሙላልኝ።"

ገብስማዋ ዶሮ 8 እንደነበረች አልነገርኳትም።

ሌሊቱን ወረቀቱን መልሼ አወጣሁት። ነጥቧን 10 ላደርገው አሰብኩና ተውኩት፣ ጉቦ መሰለኝ። ከዚያ ሌላ ነገር አየሁ። እሷን የደመርኳት ከኪራይና ከብርድ ጋር ነው። እናቴ የምትደመር ነገር ናት እንዴ? እሷ ከታመመች ጣና 6 ሆኖ ይቀጥላል? የመደመር ምልክቷን ወደ ማባዛት ቀየርኩት። 10 ሲባዛ በ7፣ ማርቆስ 70 ሆነች። መልሱን ካየሁ በኋላ ምልክት መቀየር ምን ማለት እንደሆነ አውቃለሁ፤ ተማሪ እንዲህ ቢሠራ ዜሮ ነው የምሰጠው።

ዛሬ አርብ ነው። ከሰዓት በኋላ ዶፍ እየወረደ ቢሮ ሄድኩ። ቅጹን ባዶውን መለስኩላቸው። ጸሐፊዋ "አሰብክበት?" አለችኝ፣ "አሰላሁት" አልኳት። ሻይ አስመጣችልኝ፣ ስለ ኑሮ ውድነት ትንሽ አወራን፣ ስወጣ ፀሐይ ወጥቷል።

ቤቴ ደርሼ ቁልፍ ስፈልግ ነው እጄ ባዶ እንደሆነ ያወቅሁት። አራተኛው ጃንጥላ።