ሲኒ ስር ያለው ብርቅዬ

እስራኤል ውስጥ አሽዶድ የሚኖር ሰው አሸዋ ፍለጋ ሩቅ አይሄድም፤ የኒጻኒም የአሸዋ ክምር አጠገቡ ነው። አርብ ጠዋት እማዬን፣ ልጆቹን፣ ጀበናና ሲኒውን ጭኜ ወጣሁ።

ሰሞኑን ልቤን የሰረቀው ግራፊፕተረስ የሚባል ጢንዚዛ ነው። ጥቁር ሆኖ ጀርባው ላይ ነጫጭ ነጠብጣብ አለው። አይበርም፣ ግን ሲሮጥ ጉድ ነው። ጉንዳን ይበላል፤ እጮቹ የሚያድጉትም እዚያው ጉንዳን ቤት ውስጥ፣ የባለቤቶቹን ልጆች እየበሉ ነው። (ተከራይ ስለሆንኩ ይህን ሳነብ ትንሽ ደስ ብሎኛል።) በ2018 እ.ኤ.አ. ተመራማሪዎች አንዱን ቡድን መልሰው ሲያጠኑት 5 የነበሩት ዝርያዎች 15 ሆነው ተገኙ። የሚኖርበትን የባሕር ዳርቻ አሸዋ ግን ሕንፃ እየበላው ነው።

"አባ! ባለ ነጠብጣብ!" አለ ልጄ።

ዘልዬ ደረስኩ። ጥቁር! ነጭ ነጠብጣብ! በእጄ የያዝኩትን ሲኒ ደፋሁበት።

"አንተ! በሲኒዬ?" አለች እማዬ።

"እማዬ፣ ብርቅ ነው እኮ!"

"ብርቅስ ሲኒዬ ነው።"

ሲኒውን በትንሹ ቀና አድርጌ ፎቶ አነሳሁና ነፍሳት ለሚያጠና ጓደኛዬ ላክሁ። መልሱ አጭር ነበር፦ "የኋላ እግሩን ጫፍ አጉላና አንጓዎቹን ቁጠር። 5 ከሆነ ደውል። 4 ከሆነ ተራ የአሸዋ ጢንዚዛ ነው፣ ቡናህን ጠጣ።"

አጎላሁ። 4። ፎቶው ነው የተበላሸው ብዬ ሌላ አነሳሁ። 4። ሌላኛውን እግር ሞከርኩ፤ እሱም ከወንድሙ ጋር ተማክሯል።

"ነጠብጣቡስ?" ብዬ ጻፍኩለት።

"የእውነተኛው ነጠብጣብ ከደቃቅ ፀጉር የተሠራ ነው። የአንተን በጣትህ ጠረግ አድርገው።"

ጣቴን ሳልሰድ ጉንዳኖች ቀደሙኝ። ሲኒው ስር ገብተው አንዱን ነጠብጣብ ከጀርባው ላይ ፈልቅቀው ይዘውት ሄዱ። ጉንዳን የሚበላውን ስጠብቅ ጉንዳን የሚበላው ደረሰኝ። ያን ጊዜ ነው ሴቷ ልጄ ጣቷን እየላሰች፣ "አባ፣ ኩኪዬ ላይ ሲሄድ ነበር" ያለችው። በዱቄት ስኳር የተነሰነሰው ኩኪ።

ጢንዚዛውን ለቀቅኩት። ስልኬ ጮኸ፤ ጓደኛዬ ነው። "ስንት ሆነ?"

"ኔትወርክ የለም" ብዬ ዘጋሁት።

እማዬ ቡናውን ቀዳች። ለሁሉም በንጹሕ ሲኒ፣ ለእኔ በጢንዚዛው።