የቅዳሜና እሁድ ወታደር

ዛሬ ገና ሳይነጋ የእህቴን ልጅ ወደ ናሽናል ጋርድ (የአሜሪካ የትርፍ ጊዜ ወታደሮች ጦር) ልምምዱ ሸኘሁት። ከሰኞ እስከ አርብ ፋርማሲ ይሠራል። በወር አንድ ቅዳሜና እሁድ፣ በዓመት ደግሞ ሁለት ሳምንት ገደማ ወታደር ነው። ጎርፍ ሲመጣ የስቴቱ ገዥ ይጠሩታል፤ ጦርነት ከሆነ ፕሬዚዳንቱ።

መንገድ ላይ የጋርዱን ታሪክ አጫወተኝ። በማሳቹሴትስ የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1636 ነው። አሜሪካ ነፃነቷን ከማወጇ 140 ዓመት በፊት ማለት ነው! ያኔ ገበሬውም አንጥረኛውም የራሱን ጠመንጃ ይዞ ይሰለፍ ነበር። የኛ ክተት ትዝ አለኝ። ወደ አድዋም እኮ ገበሬው ስንቁን ቋጥሮ፣ ጋሻና ጦሩን አንግቦ ነው የዘመተው።

በሩ ላይ ስንደርስ «አክስትዬ፣ እሁድ ማታ ሽሮ ሥሪልኝ» ብሎኝ ገባ። እኔ መኪናዬ ውስጥ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። እግዜር ይጠብቅልኝ።